የስድስት ሰዓቱ በር

ድሬዳዋ በአንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ አዲስ መጋቢ መጣልን። ከደጋ ነው የመጣው። እንደለመደው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ለጸሎትና ለቃሉ ብሎ በሩን ዘጋ።

ድሬ ውስጥ ግን ሰው ጉዳዩን የሚጨርሰው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ገበያው፣ ቀበሌው፣ በሽተኛ መጠየቁ ሁሉ ጠዋት ነው። ምክር ፈላጊው፣ ደብዳቤ ፈላጊው፣ ሠርግ ሊያስመዘግብ የመጣው በ2 ሰዓት ግቢውን ይሞሉታል። መጋቢው አንዷን ምዕራፍ ሳይጨርስ ደጋግሞ ይነሳል፤ ማታ ደግሞ ጉብኝትና ስብሰባ አለ። ስብከቱ እየሳሳ መምጣቱን ከእኛ በፊት ያወቀው ራሱ ነው። ጌታ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ መጸለዩን የሚናገረውን ማርቆስ 1፥35ን እየጠቀሰ «ጸሎት ማለዳ ነው!» የሚል ሽማግሌ ነበረን። ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲል እነስምዖን ጌታን እዚያም ድረስ ተከትለው «ሁሉ ይፈልጉሃል» እንዳሉት ግን አይጨምርም።

መጋቢው መላ ያገኘው ከሐዋርያት ሥራ 10 ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሊጸልይ ጣራ ላይ የወጣው በ6 ሰዓት ነው፤ በእኛው አቆጣጠር፣ እኩለ ቀን። በዚያ ሰዓት ድሬ ጭር ትላለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ይፈልጋል፣ ገሚሱ ይተኛል፣ ገሚሱ በርጫ ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት ማን ማንን ይፈልጋል? ጠዋቱን ለሰው ለቀቀና ቀትሩን ለራሱ ያዘ።

ሐሜት አልቀረም። «ፓስተር ድሬን ለመደ አቦ፣ ምሳውን በልቶ ለጥ ነው!» ምሳ የሚበላው ከ9 ሰዓት በኋላ መሆኑን የምናውቀው እኔና ዘበኛው ብቻ ነበርን።

ለእኔ የሰጠኝ መመሪያ አጭር ነበር፤ ሞት፣ ሆስፒታል ወይም ከቤት የተባረረ ሰው ከሆነ አንኳኪ፣ ሌላው በ9 ሰዓት ይምጣ።

አንድ ቀን 7 ሰዓት ግድም አንድ ባጃጅ ነጂ መጣ። አባላችን አይደለም።

«ፓስተሩን ፈልጌ ነው።»

«ምነው፣ ሰው ታመመ?»

«ማንም አልታመመም።»

«ለቅሶ አለ?»

«የለም አቦ። ትንሽ አጠገቡ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

በመመሪያው ከሄድኩ መመለስ ነበረብኝ። ግን ባጃጁን የጠራራ ፀሐይ ላይ ነበር ያቆመው። ድሬ ውስጥ በ7 ሰዓት እንዲህ የሚያደርግ ሹፌር አይቼ አላውቅም። አንኳኳሁ።

«ሞት ነው ሆስፒታል?» አለኝ መጋቢው።

«አላወቅኩም። ግን ይግባ።»

ልጁን አስገባው። እስከ 9 ሰዓት በሩ አልተከፈተም። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅኩም፤ የምክር ነገር ከዚያ ክፍል አይወጣም። መጋቢው የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጠዋት ከወረፋው ጋር መጥቶ ቢሆን ደብዳቤ ፈላጊ መስሎኝ በአምስት ደቂቃ እሸኘው ነበር።» የጴጥሮስም ጸሎት እኮ ያለቀው ሦስት ሰዎች ደጅ ቆመው ሲጠሩት ነው፤ መንፈስም «ሂድ» አለው እንጂ «ይጠብቁ» አላለውም።

በቀጣዩ ስብሰባ ደብዳቤውና የሠርግ ምዝገባው ከመጋቢው ወጥቶ ለሽማግሌዎች ተሰጠ። ሐዋርያት ለጸሎትና ለቃሉ እንዲተጉ የማዕዱን ሥራ ለሌሎች የሰጡበት የሐዋርያት ሥራ 6 ተነበበ። ለማዕድ አገልግሎት የተመረጡት ሰባቱም መንፈስ የሞላባቸው እንዲሆኑ ስለተጠየቀ፣ ቢሮውም በሳምንት አንድ ቀን የጸሎት ሰዓት ይኑረው ተባለ። በሥራ ዝርዝሬ ላይ ተጽፎልኛል። ደመወዙ ግን እንዳለ ነው።