የተኛችው ጨረቃ

ዛሬ እንዲሁ ሲከፋኝ ዋለ። የየካቲት ነፋስ ይሆናል፤ መንዝ ላይ ይሄ ነፋስ ሲነሳ ባና ተከናንቦ ከመቀመጥ ሌላ አያሰኝም። የእንግሊዝኛ ተማሪዎቼን ግን ቀጥሬያቸው ስለነበር ወጣሁ።

ፀሐይ እንደገባች ጉብታው ላይ ተሰበሰብን። ደብተርና እርሳስ ይበቃናል፤ ያዩትን ይሥላሉ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል። ‹ብራይተር ዛን›ን ሰሌዳ ላይ ስንቴ ጽፌ አጥፍቻለሁ! እዚህ ጨረቃዋንና ኮከቦቹን ሲያዩ ራሱ ካፋቸው ይወጣል። የትናንቷን ከዛሬዋ ሲያወዳድሩም ‹ዋዝ› እና ‹ኢዝ› አይምታቱባቸውም።

ያቺ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ መማሪያ መጽሐፏን ይዛ መጣች። መጽሐፉ ላይ ያለችው ጨረቃ ቆማለች። እሷ የሣለቻት ቀንዶቿን ሽቅብ አድርጋ በጀርባዋ ተንጋላለች። «ቲቸር፣ ዘ ቡክ ኢዝ ሮንግ። አወር ሙን ኢዝ ላይንግ ዳውን» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን እንዲህ ጎላ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በዚህ ወቅት ፀሐይ ከአዲሷ ጨረቃ በታች ስለምትገባ ብርሃኑ ከሥር ይመታታል። ወደ ሰሜን በተራቀ ቁጥር ጨረቃዋ ቀና እያለች ትሄዳለች። ጨለምለም ሲል ወደ ሰሜን አዞርኳቸው። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ የሰሜን ኮከብ እኛ ዘንድ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ለንደን ላይ አምስት ጭብጥ ይሆናል። ሁሉም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው «ዋን ፊስት!» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ የደቡብ መስቀል በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ላይ ነው። ለንደን ያለ ሰው እሱን ከቤቱ ሆኖ ሊያየው አይችልም። እኛ የሰሜኑንም የደቡቡንም እናያለን! እዚሁ ተወልጄ ሳድግ ይህን ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ያንገበግበኛል። አሁን መስቀሉ ከፍ የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ግንቦት አጋማሽ ላይ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በደቡብ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በ3 ሰዓት ሴት ልጅሽን ላኪልኝ ብላት የትኛዋ እናት እሺ ትለኛለች? ወንዶቹን ብቻ ማሳየቱን ደግሞ ልቤ አይቀበለውም፤ መጽሐፉን የሞገተችው እሷ ናት። እናቶቹም ጋቢያቸውን ደርበው አብረው እንዲመጡ ብጠይቃቸውስ?