አቮካዶ ሲገረዝ መጋዙ የት ይረፍ?

የጓሮ አቮካዶ ከጣሪያ በላይ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ገጀራ ይነሳል። አናቱ ይጨፈጨፍና ዛፉ ምሰሶ መስሎ ይቀራል። ከጥቂት ወር በኋላ መልሶ ሲያቆጠቁጥ «ተረፈ» ይባላል፤ ግን አልተረፈም። ከተቆረጠው ዙሪያ እየተሽቀዳደሙ የሚወጡት ቀንበጦች የያዛቸው የላይኛው የእንጨት ሽፋን ብቻ ነው። ወፍረው ፍሬ ሲሸከሙ ወይም ነፋስ ሲመታቸው ከሥራቸው ይገነጠላሉ። ከታች ደግሞ ብስባሹ ቀስ እያለ ወደ ግንዱ ይወርዳል።

ዛፍ እንደ እኛ ቆስሎ አይድንም። የእኛ ቆዳ የተጎዳውን በአዲስ ይተካል፤ ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት ከውስጥ አጥር ሠርቶ ይከልለውና በላዩ ላይ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ግንዶችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ ያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ቅርንጫፍ ይነሳ ሳይሆን መጋዙ የት ይረፍ የሚለው ነው።

ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ በእጃችሁ ዳብሱት። ዙሪያውን ትንሽ ያበጠ፣ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ከላይ፣ ብብቱ ላይ፣ የተሸበሸበ የቅርፊት መስመር አለ። ኮሌታው የግንዱ አካል ነው፤ ቁስሉን የሚዘጋውም እሱ ነው። መጋዙ ከሸብሸቦውና ከእብጠቱ ወጣ ብሎ፣ ኮሌታውን ሳይነካ ይረፍ። «ያምራል» ተብሎ ከግንዱ ጋር ልክክ አድርጎ መቁረጥ ኮሌታውን አብሮ ይወስደዋል። ልብስ መስቀያ የሚያህል ቁራጭ መተውም ጥፋት ነው፤ ቁራጩ ይደርቅና ብስባሹን ወደ ውስጥ ያስገባል።

በትክክል መቆረጡ በዓመቱ ይታወቃል። አዲሱ ቅርፊት ከዳር ወደ መሀል እንደ ቀለበት፣ ዙሪያውን እኩል ተጠቅልሎ ይመጣል። በግራና በቀኝ ብቻ አብጦ ላይና ታቹ ባዶ ከሆነ ኮሌታው ተቆርጧል ማለት ነው።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ ሳያልቅ በክብደቱ ይወድቅና የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ይወርዳል። በሦስት ቁረጡት። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ከሥር ወደ ላይ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል። ቀጥሎ ከዚያ 3 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አልፋችሁ ከላይ እስኪወድቅ ድረስ። የቀረውን ቀላል ቁራጭ በመጨረሻ ከኮሌታው ውጭ። ገጀራና መጥረቢያ ለዚህ አይሆኑም፤ እንጨቱን ይሰነጥቁታል። ሽቦ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትንኩት፣ ለመብራት ኃይል ሰዎች ተውት።

ልኩን በተመለከተ፣ በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩብ በላይ አይነሳ፤ ላረጀ ዛፍ ከዚያም ያንሳል። ረጅም አቮካዶ ማሳጠር የፈለገ ሥራውን ለሦስት ዓመት ይከፋፍለው፦ በየዓመቱ ከሁሉ የረዘመውን አንዱን፣ ከሥሩ ወይም ጤነኛ የጎን ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ። የጎኑ ቅርንጫፍ ከሚቆረጠው ውፍረት ቢያንስ ሲሶው ይሁን፤ የሚቆረጠው 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚቀረው ከ3 አይነስ። ከዚህ ከቀጠነ የቆረጣችሁትን ተክቶ መመገብ ያቅተዋል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ቁስል ሳይበሰብስ የመዘጋት ዕድሉ ትንሽ ነውና፣ ችግኙ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በመቀስ ቅርጽ ማስያዝ ከሁሉ ይሻላል።

ቁስሉ ላይ የተቃጠለ ዘይት፣ እበት ወይም ቀለም መቀባት ይቅር። እርጥበቱን አፍኖ ብስባሹን ያግዛል እንጂ አይከላከልም። አንድ ቦታ ላይ ግን ነጭ ቀለም ያስፈልጋል፤ የአቮካዶ ቅርፊት ፀሐይ አይችልም። ጥላ ውስጥ የኖረ ቅርንጫፍ ድንገት ሲገለጥ ላዩ ይቃጠልና ይሰነጠቃል። የተገለጠውን ቅርፊት (ቁስሉን አይደለም) በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ከእኩል ውሃ ጋር አቅጥናችሁ ቀቡት፤ የኖራ ውሃም ይሆናል።

ጊዜው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ይለፉ፣ የፈንገስ ዘር በዝናብ ስለሚዛመት። የደረቀና የታመመ ቅርንጫፍ ወቅት አይጠብቅም። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄዱ መጋዙን በ70 በመቶ አልኮል ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አጽዱት፤ በረኪና ብረት ይበላልና ኋላ አጥባችሁ ዘይት ቀቡት። ማንጎም በዚሁ ይሄዳል፣ ወተቱ ቆዳ ስለሚያቃጥል ግን ጓንት አድርጉ። ጽድ ለብቻው ነው፦ ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፉ ተቆርጦ እምብዛም አያቆጠቁጥም።

ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱና ከቁስሉ ዙሪያ የወጡትን ቀንበጦች እዩ። ወደ ውጭ ያዘነበሉትን አንድ ሁለቱን አስቀሩ፤ ሌላው ገና ለምለም ሳለ ያለመጋዝ፣ በእጅ ሲሳብ ከሥሩ ይለቃል።