የስፖርተኛ ፊርማ አረጋጋጮችን ስንመዝን፦ እስካሁን የደረስንበት

የተፈረመበት ኳስ ወይም ማሊያ ሲቀርብ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው አረጋጋጭ ድርጅቱ የለጠፈው ስቲከር ላይ ነው። የድርጅቱ ስም ትልቅ ከሆነ ብዙ ሰው እዚያው ይወስናል። እኛ አሁን የምናስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አረጋጋጩ ሲፈረም አይቷል ወይስ ፊርማውን ብቻ አይቶ ገምቷል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያየ ሲባል የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2001 የጀመረው አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። በሥራ ላይ ያሉ ወይም የቀድሞ ፖሊሶች በቦታው ተገኝተው ሲፈረም ያያሉ፤ ከዚያ ቁጥር ያለው ሆሎግራም (የሚያብረቀርቅ ስቲከር) ይለጠፋል። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት የተባሉት የአሜሪካ አረጋጋጭ ድርጅቶች ግን በብዛት የሚሰጡት አስተያየት ነው። ባለሙያው ፊርማውን ካሉት ናሙናዎች ጋር አመሳክሮ «የሰውየው ነው» ብሎ ያምናል። ሦስቱም በምስክር ፊት ለተፈረመ ዕቃ የተለየ ምድብ ስላላቸው፣ ሰርተፊኬቱ የትኛው እንደሆነ ሳያነቡ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። ሻጩ ራሱ አትሞ የሚሰጠው ወረቀት ከሁለቱም አይቆጠርም። ኤፍቢአይ በሳንዲያጎ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ ባካሄደውና በ1999 ፍተሻ ባደረገበት ምርመራ የተያዙት ፎርጅዶች የሚሸጡት ከነሰርተፊኬታቸው ነበር። ማዘር ቴሬዛ የፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ተገኝቷል።

የስቲከሩን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ስትፈትሹ ዕቃው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ አትከተሉ፤ የድርጅቱን አድራሻ ራሳችሁ ጻፉ። ኮዱ ወደ ተመሳሳይ የውሸት ገጽ ሊወስድ ይችላል። ቁጥሩ ተገኘ ማለትም ገና አልተጨረሰም። በርካታ መዝገቦች የሚያሳዩት «የተፈረመበት ቤዝቦል» የሚል አጭር መግለጫና የተጫዋቹን ስም ብቻ ነው፣ ፎቶ የላቸውም። አጭበርባሪ ትክክለኛ ቁጥር ቀድቶ ሌላ ኳስ ላይ ቢለጥፈው መዝገቡ አያጋልጠውም። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ላለ ነገር ፎቶ ያለበት ሙሉ ደብዳቤ ጠይቁ። ከዚያ ፊርማው ከስፌቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የመጨረሻው ጭረት የት ላይ እንደሚያበቃ፣ በቆዳው ላይ ያለ ነጥብ ወይም እድፍ ጭምር ከፎቶው ጋር አስተያዩ።

ድርጅቱ ሥራውን መሥራቱን የሚያሳየው ሌላው ነገር ኳሱ ራሱ ነው። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሮበርቶ ክለሜንቴ የሞተው በ1972 የመጨረሻ ቀን ነው፤ ኳስ አምራቹ ሮውሊንግስ ደግሞ የሜጀር ሊጉን ኳስ ማቅረብ የጀመረው በ1977። በሮውሊንግስ ይፋዊ የሊግ ኳስ ላይ የክለሜንቴ ፊርማ ካያችሁ ምርመራው አልቋል። ሌላው ተጫዋች ሚኪ ማንትል በ1995 አርፏል፤ የሊጉ ኮሚሽነር (የበላይ ኃላፊ) ሮብ ማንፍሬድ ስም የታተመበት ኳስ ግን ከ2015 በፊት የለም። ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ቤብ ሩት በ1948 ሲሞት የሻርፒ ማርከር ገና አልተፈጠረም፤ የመጣው በ1964 ነው። ቦልፖይንት እስክሪብቶም በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1945 ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የታወቀ ድርጅት ስቲከር ካለ ወይ ስቲከሩ ከሌላ ዕቃ ተነቅሎ የመጣ ወይም ፎርጅድ ነው፣ ወይ ደግሞ ድርጅቱ ኳሱን ሳያገላብጥ አልፎታል። ሦስቱም ለመተው በቂ ምክንያት ናቸው።

በአሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር ስታዩ የእጅ ጭረት ሲጀምርና ሲያበቃ ይቀጥናል፤ ፈጠን ያለበት ቦታ ቀለሙ ይሳሳል። በኦቶፔን፣ ማለትም ፊርማን እየቀዳ በሚፈርም ማሽን የተፈረመው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፣ ጫፎቹ ላይም ብዙ ጊዜ ነጥብ ይተዋል። የታተመ ፊርማ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ያሳያል። ሁለት ፊርማዎች ተደራርበው ልክ ለልክ ከገጠሙ ማሽን ጠርጥሩ፤ ሰው በእጁ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም።

ድርጅትን በጅምላ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ማለት ብዙም አይጠቅምም። ለዚህ ፈራሚ፣ ለዚህ ዘመን ምን ያህል ናሙና አለው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መሐመድ አሊ በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ፊርማው እየተቀየረ ሄዷል፤ የኋለኛውን ፊርማ በ1960ዎቹ ናሙና የሚመዝን ሰው እውነተኛውን ሊጥል ይችላል። የአበበ ቢቂላ ጉዳይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እጆቹን ማንቀሳቀስ የቻለው ከሕክምና በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ፈርሞታል የሚባል ነገር መመሳከር ያለበት ከዚያው ጊዜ ናሙና ጋር ነው። የእነዚህ ድርጅቶች ልምድ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተጫዋቾች ያመዝናል። ለእኛ አትሌቶች ፊርማ ከስቲከሩ በላይ የምንፈልገው ቀን ያለው ማስረጃ ነው፦ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ፣ የውድድር ፕሮግራም፣ ሲፈርም የተነሳ ፎቶ። ወደ አረጋጋጭ ስትልኩም የእነዚህን ቅጂ ከዕቃው ጋር አያይዙ፤ ዋናዎቹ እናንተው ዘንድ ይቆዩ።