የወለቃ ሸክላ ትምህርቴ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለሸክላ ሥራ ባልደረቦቼ፣

አፈሩን መውቀጥ፣ መንፋትና ከተፈጨ ገል ጋር ማቡካት አሁን እጄ ገብቷል፤ ገሉ የሚጨመረው ሸክላው ሲደርቅም ሆነ እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ ነው። ያስቸገረኝ የጀበናው አንገት ነው፤ ሆዱ ጠንከር ሳይል ከተቀጠለ ይሰምጣል፣ አብዝቶ ከደረቀ ደግሞ አይያያዝም። የሚያስተምሩኝ እናት ግን ሰዓቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያውቁታል።

ከእጅ ሥራው ይልቅ የያዘኝ የባለሙያዎቹ አኗኗር ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ መንደር ነበረች። ርስት ስለ ተነፈጋቸው ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ይተዳደሩ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመንም የጎንደርን ግንቦች ካነጹት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ነበሩ። ማረሻውን ከእነሱ የሚገዛው ገበሬ ግን «ቡዳ» ይላቸው ነበር።

የቀድሞ አገውኛቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ ቢሆኑም፣ በአለባበስም ከጎረቤት ባይለዩም፣ ያላላሉት ነገር ነበራቸው። ከሌላው ጋር ተነካክቶ የዋለ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ከቤቱ አይገባም፤ ሰንበታቸው በመሆኑም የጎንደር ቅዳሜ ገበያ አያገኛቸውም ነበር። ቤተ እስራኤሉ ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዳው የሚበላውን ራሱ እንዲያርድ ከብት ይሰጠው ነበር። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ዛሬም በጎንደር ሠርግ ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻ ይታረዳል፣ ቅር የሚለውም የለም። ስለዚህ መለያየቱን ሁሉ ጥላቻ ነው ብሎ መደምደም ይከብደኛል፤ ማዕዱ በመለየቱ ነው ጉርብትናው የዘለቀው። ሆኖም መሬቱም ፍርዱም በአንደኛው ወገን እጅ ስለ ነበር፣ ሁለቱ እኩል ተቻቻሉ ማለትም ትክክል አይመስለኝም።

አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። አስተማሪዬ ሙያውን ከእነሱ የለመዱ ክርስቲያን ናቸው፤ ንቀቱም ከሙያው ጋር ተላልፎላቸው፣ ልጃቸውን ሲድሩ ሸክላ ሠሪነታቸው በአማች ወገን እንደ ተነሣባቸው ነግረውኛል።

በሚቀጥለው ስለ አተኳኮሱ እጽፋለሁ፤ ኩበት በርካሽ የሚገኝበትን የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።