«ታድለሽ!» ለምትሉኝ

እዚህ አሜሪካ ሆኜ የልጄን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩ ዕለት አንዷ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ «ታድለሽ! በዚህ ዕድሜዋ ጃኬቷን ራሷ ትለብሳለች? የእኔው አምስት ሞልቶትም ካልሲው ጠፍቶት ሲያለቅስ ነው የሚውለው» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ሁለተኛውን ከወለድሽ በኋላ ምን አስጨነቀሽ፣ እናትሽን አስመጪያ!» ብላ አረፈችው። አስመጪያ! እናቴ ለቪዛ 185 ዶላር ተከፍሎላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ኤምባሲ ቀርባ፣ ሁለት ጥያቄ ተጠይቃ ተመልሳለች። ብሩም በዚያው ቀረ።

የጃኬቱ ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ደይኬር፣ ማለትም የሕፃናት መዋያ፣ ሳስገባት የሚሞላ ወረቀት ሰጡኝ። በማንኪያ ትበላለች? ጫማዋን ታወልቃለች? እጇን ትታጠባለች? እኔ እንደ ወጋችን አጉርሼ፣ አዝዬ፣ እየሮጥኩ ጫማ አጥልቄ ያሳደግኩ ሰው «አይ» «አይ» «አይ» እያልኩ ጨረስኩት። መምህርቷ አነበበችውና ፈገግታዋ ሳይጠፋ «ታዲያ ቤት ውስጥ ራሷ የምትሠራው ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ያውም የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ቆመው እየሰሙ። ምን ትሥራ? ልጅ አይደለች እንዴ! ይሄን ግን በእንግሊዝኛ ማን ያውጣልኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁንም በር ላይ ሳገኛት ያ ጥያቄ ትዝ ይለኛል።

ግን ሙያቸውን አልክድም። ጃኬቱን መሬት ላይ በጀርባው ይዘረጉታል፣ ልጅቷን በኮፍያው በኩል ያቆሟታል፣ ሁለት እጇን ታስገባና በጭንቅላቷ ላይ ገልብጣ ትለብሰዋለች። በቃ! አፌን ይዤ ቀረሁ። መከራው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት ሥራ ረፍዶብኝ ዚፑን ከነካሁባት ሁሉንም አውልቃ እንደገና ከመሬት ትጀምራለች። ጫማዋን አዛውራ አድርጋም ብትሆን ንክች አታደርጊኝም ነው።

ወንድሟ ሲወለድ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እዚህ ደህና ከሆንሽ በሁለት ቀን ይሸኙሻል፤ ለካር ሲቱ፣ መኪና ውስጥ ሕፃኑ ለሚታሰርበት ወንበር፣ ግን ካንቺ በላይ ይጨነቃሉ። አገር ቤት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ታርፊያለሽ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚሰጥሽ 12 ሳምንት ነው፣ ያውም ያለ ደመወዝ። እሱም ቢሆን መሥሪያ ቤትሽ 50 ሠራተኛ ካለው፣ አንቺም ዓመት ከሠራሽ ነው።

የእኛ ሰዎች ገንፎ ይዘው ጠየቁኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ያቺን የአገራችንን ቀልድ አልተዉም፤ «ወንድምሽን ይዘነው ልንሄድ ነው» አሏት። እሷም ሮጣ ሄዳ ካር ሲቱን እየጎተተች አመጣችላቸው። ሳቅን፣ ሳቅን፤ ማታ ላይ ግን ዳይፐር ከተወች የቆየችው ልጅ አልጋዋን አረጠበችው። ጡጦ አምጪ፣ እዘይኝ፣ አጉርሺኝ ሆነ። ደይኬሮቹ «በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ለእሷ ብቻ መድቢ» አሉኝ። ፍቅርም በፕሮግራም! እናቴ በስልክ «እዘያት፣ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ይወጣላታል» አለችኝ። የሁለቱንም አደረግኩ። የትኛው እንደሠራ አላውቅም፤ አሁን ዳይፐር የምታቀብለኝ እሷ ናት፣ ሳልጠይቃትም ጭምር።

ወደዚህ ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ልጅ ካላችሁ ከአሁኑ ማንኪያ አስይዙት። የወረፋው ነገር አይጣል ነውና ደይኬር ገና በእርግዝና ተመዝገቡ። የወሊድ ፈቃዱን ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ለአለቃችሁ አሳውቁ፣ በጽሑፍ ይሁን። በእናታችሁ ቪዛ ላይ ተመክታችሁ አትውለዱ። ከተሰጣት ደግሞ በሻንጣዋ የአጥሚት ዱቄት ትያዝ እንጂ በርበሬ አታሸክሟት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐበሻ በሞላበት በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ከተማ፣ በርበሬ ሞልቷል።