ኮዱን ለማንም አትስጡ

ከፎቶ ኮፒ ማሽኔ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቅ ፊደላት አትሜ የለጠፍኩት ወረቀት አለ። «ወደ ስልክዎ የተላከውን ኮድ ለማንም አይስጡ። ባንክ ነኝ ቢልዎት፣ ዘመድ ነኝ ቢልዎት፣ እኔው ራሴ ብጠይቅዎትም» ይላል። የመጨረሻዋን ሐረግ የጨመርኳት ለቀልድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቀልዷ ዞራ እኔኑ አገኘችኝ። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ለዓመታት ያጠራቀምኩት ብስጭት ስላለ እሱን ላራግፍ።

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤት የምላት ሦስት በአራት የሆነች ክፍል ናት፦ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የደከመ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለደንበኛ ሁለት ወንበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ከጦሳ የወረደው ጉም ከደንበኛ ቀድሞ ይገባል። የምጽፈው የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ከኮምፒውተር ጋር ስጣላ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ አፕዴት። «ዝማኔ» የሚለውን ቃል አላጣሁትም፤ ነገር ግን ከእኔ ቤት ሲደርስ ዘመናዊነትን ሳይሆን ሥራ ማቆምን ስለሚያመጣ ስሙን ልሰጠው አልወደድኩም።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ጠዋት ከኩታበር የመጡ አባት ገቡ። ቀጠሯቸው አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ሰዓቱ ሦስት ሆኗል፣ አቤቱታው ገና አልተጻፈም። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ያ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ፦ ሠላሳ በመቶ፣ እንዳታጠፉ። አባት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ነው አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ታሞ ነበር?»

«አይ፣ እንዳይታመም ነው።»

«እንግዲያው ክትባት ነው በይኛ» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ክትባት እንኳ ቀን ቆርጦ ነው የሚመጣ።»

ስልሳ አራት በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ አራት ጊዜ ጮኾ እሱም አረፈ፤ ባትሪውን መቀየር ከነበረብኝ ዓመት አልፎታል። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ደግሞ የጀመረውን ሁሉ ወደ ኋላ እየመለሰ እንደሆነ ነገረኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል። መሳቢያዬን ከፍቼ ባለመስመር ወረቀትና ካርቦን አወጣሁና አቤቱታውን በእጄ ጻፍኩት፣ በሁለት ቅጂ፣ ጣቴ እስኪያብጥ። አባት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ፍርድ ቤቱ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበላቸው። የከፈሉኝም የታይፕ ዋጋ ነው፤ ምርቃቱ ሲደመር አተረፍኩ።

የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ «ሰዓቱን አስተካክይዋ!» እንደሚል አውቃለሁ። አስተካክያለሁ። «የሥራ ሰዓት» የሚል ቅንብር አለ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ራሱን አጥፍቶ እንዳይከፍት ማዘዝ ይቻላል። መብራት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው ግን የሥራ ሰዓት ማለት መብራት ያለበት ሰዓት ነው፣ እሱን ደግሞ የሚመርጥልኝ ሌላ ነው። ኢንተርኔቱ በልክ የሚከፈል መሆኑን የሚነገርበትም ቅንብር አለ። ይህን የተማርኩት የወር ጥቅሌ በአንድ ሌሊት ካለቀ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመታት አፕዴቱን ጨርሶ ዘግቼው ነበር። ምክንያቱ መብራትና ጥቅል ብቻ አልነበረም። ፕሮግራሞቹ በሕጋዊ መንገድ የተገዙ ስላልነበሩ አፕዴቱ ገብቶ እንዳያጋልጠኝ እፈራ ነበር። ይህን የሚያደርግ ጽሕፈት ቤት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ አፍሬ ዝም እል ነበር።

መዝጋቱ ስህተት እንደሆነ ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ የኮምፒውተር ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማንን ቀጠሮ ሰርዘዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት የወጣው ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ ወደ አፕዴቱ ልመለስ ስል ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ስክሪናቸውን ሰማያዊ አድርጎ ጣላቸው። አውሮፕላን ቆመ፣ ባንክ ቆመ። ያን ቀን በቴሌቪዥን የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች የመሳፈሪያ ወረቀት በእጃቸው ሲጽፉ አይቼ ከልቤ ሳቅኩ፤ ካርቦን የላቸውም እንጂ የእኔው ባልደረቦች ነበሩ። መፍትሔውም ከየኮምፒውተሩ ፊት እየተቀመጡ ያንን ፋይል አንድ በአንድ በእጅ ማጥፋት ነበር። ያላደሰው በ2009 ተያዘ፣ ያደሰው በ2016 ወደቀ። እንግዲህ እኔ የትኛውን ልስማ?

ሁለቱም ዜናዎች ግን የእኔን በሽታ አያውቁትም። የእኔ በሽታ በኢንተርኔት አይመጣም፤ በደንበኛ ኪስ ነው የሚመጣ፣ ከቁልፍ ጋር ታስሮ። ፍላሽ!

ፍላሽ ላይ የሚኖረው ቫይረስ ክፉ ብቻ ሳይሆን ብልጥ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቀውና በቦታው ስሙም መልኩም አንድ የሆነ አቋራጭ (ሾርትከት) ያስቀምጣል። ልዩነቱ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቀስት ናት፤ ማን ያያታል? ደንበኛው ያንን ሲነካ ፋይሉም ይከፈትለታል፣ ቫይረሱም ሹልክ ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይይዛል። እንግዲህ የእኔን ሱቅ አስቡት። ከዩኒቨርሲቲው፣ ከቢሮው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሰኞ ገበያ ነጋዴው የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ የሚያልፈው በዚችው በአንዲት ቀዳዳ ነው። የከተማ ውሃ በአንድ ባልዲ እንደ መቅዳት ነው።

አንድ ሰኔ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ጠፋ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማስረከቢያዋ ከሰዓት በኋላ ነው። አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው ብላትም አታምነኝም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ «አትሪብ» የምትባለውን ትእዛዝ ከነጅራቷ ጻፍኩና መልሼ ስከፍተው ፎልደሮቿ ሁሉ እንደ ነበሩ ተደርድረው ወጡ። ልጅቷ ተነሥታ ሳመችኝ፣ ከዚያም ማስቲሽ የማጣበቅ ያህል ዋጋ ስጠይቃት በዛ ብላ ተከራከረችኝ! ከዚያ ወዲህ የማንም ፍላሽ መጀመሪያ የሚሰካው በደከመው ላፕቶፕ ላይ ነው። እዚያ ይመረመራል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ዋናው ያልፋል። ሦስት ደቂቃ ስለሚፈጅ ደንበኛ ያጉረመርማል፤ ሌላ ቦታ የሚሄድም አለ፣ ይሂድ።

የቴክኖሎጂ ዜና ግን እንዲህ ያለውን አያወራም። ሰኔ 2017 ዓ.ም. «16 ቢሊዮን የይለፍ ቃል ተሰረቀ» የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲዞር ግማሹ ደንበኛዬ ስልኩን ይዞ መጣ። የዓለም ሕዝብ በሙሉ ቢደመር እኮ ወደ 8 ቢሊዮን ነው! ነገሩን ሳጣራው አንድም ትልቅ ኩባንያ በዚያን ሰሞን አልተሰበረም። የይለፍ ቃል የሚለቅሙ ቫይረሶች ከየሰው ኮምፒውተር ሲያጠራቅሙ የኖሩት፣ እርስ በርሱ የሚደጋገም ክምችት ነበር። ጎረቤቴ ባለ ሻይ ቤቱ ግን ፈርቶ የይለፍ ቃሉን ቀየረው፣ በማግሥቱም ረሳው። እኔም ቀደም ሲል በተቀጠርኩበት አንድ ቢሮ በየሦስት ወሩ ቀይሩ እያሉን የሁላችንም የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከኪቦርድ ሥር ይቀመጥ ነበር። ይህን የዘጠና ቀን ልማድ ካስፋፉት መመሪያዎች አንዱን በ2003 እ.ኤ.አ. የጻፈው ቢል በር የተባለ አሜሪካዊ ከጡረታ በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ አብዛኛውን በመጻፉ እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናግሯል። የእኔ የቀድሞ አለቃ ጋዜጣውን አላነበቡም መሰለኝ፤ ቢሮው ዛሬም ያስቀይራል አሉ።

አሁን ወደ ግድግዳው ወረቀት ልመለስ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሁለት ልጆቼን ይዤ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ስመለስ ሱቄ ውስጥ የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛውም መሳቢያ የለውም። አሁን የምሠራበትን ኮምፒውተር ያገለገለ ገዝቼ ያመጣሁት ያን ጊዜ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ አፕዴቱ ማለት ነው፣ ሲያበቃ አንድ ተማሪ ደንበኛዬ በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ኮምፒውተርሽ እኮ ዛሬ ሞተ» አለኝ። ሬሳው እያተመ ነበር፤ የእሱኑ ሠላሳ ገጽ።

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የደኅንነት ማራዘሚያ እንዳለ፣ በ30 ዶላር እንደሚሸጥ፣ ነገር ግን የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ዘንድ አካውንት ከፍቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር እዚያ ለሚያስቀምጥ በነጻ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ደሴ ላይ ከየት ላምጣ? ነጻው ይሻለኛል አልኩ። አዲስ አካውንት በአምስት ደቂቃ ከፈተልኝና እስከሚቀጥለው ጥቅምት ዕድሜ አገኘሁ።

አካውንት ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2012 ዓ.ም. ወንድሜ የሱቁን ፋይሎች በሙሉ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የጻፍኩት ውልና አቤቱታ እዚያ አለ። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን አወርደዋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ያኔ የጻፍኩላት የቤት ሽያጭ ውል ከዕቃዋ ጋር እንደጠፋባት ነግራኝ «አንቺ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው» አለች። እንግዲህ ቀኑ ደረሰ ብዬ ገባሁ። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩን አላወቀውም። ወደ ስልክ ኮድ ልኬአለሁ አለኝ። ስልኩ የወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ሳዑዲ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፣ ሲም ካርዱም ከተዘጋ ቆይቷል።

ደወልኩ። ጠራ! አንዲት ሴት አነሡት።

«ማን ልበል?»

«ሰላም ዋሉ እናቴ። ከደሴ ነው። አሁን ስልክዎ ላይ የእንግሊዝኛ መልእክት ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«እሱ የእኔ ነው።»

«የእኔ ስልክ ላይ ገብቶ እንዴት የአንቺ ይሆናል?»

ቁጥሩ የወንድሜ እንደነበር ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ሴትዮዋ ከወረኢሉ ናቸው፤ ቁጥሩን ካወጡት ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ወንድሜን አያውቁትም። ቁጥሮቹን ብቻ ያንብቡልኝ ብዬ ለመንኩ። ከጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፦ «እማ፣ እንዳትሰጫት! ሌባ ናት!»

«ሰማሽ?» አሉ ሴትዮዋ። «ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ኮድ ለማንም አይሰጥም ብላኛለች። ወላሂ አልሰጥሽም።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ ይህንኑ ነው ሰው የማስተምረው፤ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ!»

«ሌባም የሚለው እንዲሁ ነው» ብለው ዘጉት።

ደግሜ ስደውል ልጅቷ አንሥታ ለፖሊስ እንደምትናገር አስታወቀችኝ። ሦስተኛው ጥሪ አልጠራም።

የማረጋገጫ ስልኩን በሌላ መተካት ይቻላል፤ 30 ቀን መጠበቅ ብቻ ነው። ጥያቄውን ካስገባሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ውሉን የጠየቀችኝ ደንበኛዬ ትናንት መጥታ ነገሩን ከነገርኳት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ ወረቀቱን አነበበችው፣ እስከ መጨረሻዋ ሐረግ።

«ያቺን ልጅ» አለችኝ፣ «ክረምት ሲሆን አምጥተሽ ሱቅ አስቀምጫት።»