«አጥንቱ ወደ ቦታው መመለሱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ»

ደብዳቤው ቁጥርና ቀን አለው፣ ማኅተሙም ደምቆ ይታያል። ጉዱ ያለው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው፦ «ሠራተኛዋ የወገብ አጥንታቸው የተንሸራተተ መሆኑ በሕክምና ማስረጃ ስለታወቀ፣ አጥንቱ ወደ ቦታው መመለሱን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ እስኪያቀርቡ ድረስ ከሥራ ገበታቸው ርቀው እንዲቆዩ ተወስኗል።» በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ብርቄ አይደለም። ይህኛው ግን ማንም ሊያመጣው የማይችል ወረቀት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ አጥንት በእረፍትም፣ በኪኒንም፣ በማሸትም ወደ ኋላ አይመለስም። «እስኪያቀርቡ ድረስ» የተባለው «እስከ መጨረሻው» ማለት ነበር፤ ጸሐፊው ግን ይህን አላወቀም።

ደብዳቤውን ይዘው የመጡት የአንድ ሆቴል የላውንደሪ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሃምሳን ተሻግረዋል፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት አንሶላና ፎጣ ሲያጥቡ ነው። «ዶክተር፣ አጥንቴን መልስልኝና ልሥራበት» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ማረሙን ትቼዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከማሽን ውስጥ እርጥብ አንሶላ ሲጎትቱ ወገባቸውን ሲይዛቸው ነው። መጀመሪያ ኤምአርአይ ተነሡ፤ ውጤቱ ዲስካቸው እንደደረቀና ትንሽ እንዳበጠ ይናገራል፣ ስለ አጥንት መንሸራተት አንድም ቃል የለበትም። ሕመሙ ሲቆይ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ቆመው ራጅ እንዲነሡ አዘዘ፣ በዚህኛው ላይ አራተኛው የወገብ አጥንት በአምስተኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ታየ። ሁለቱ ወረቀቶች የሰው ሀብት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሰውዬው ሁለት ነገር ደመደመ፦ አንደኛው ወረቀት ፎርጅድ ነው፣ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ ሴትዮዋ ወገባቸው ተበላሽቷል።

ልጃቸው እናቷን አልጋው ላይ ጣውላ አንጥፋ አስተኝታቸዋለች፣ ሰፊ ቤልትም ገዝታ አስታጥቃቸዋለች። አንድ ጎረቤት «ወጌሻ ገፋ ያድርገው» ብሎ ነበር፤ ደግነቱ ልጅቱ እምቢ አለች። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ወለምታ ሲያጋጥም የሠለጠነ እጅ ያላቸው አሉ። በተንሸራተተ አከርካሪ ላይ ጉልበት ማሳረፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከጀርባው ነርቭ አለ።

መረመርኳቸው። የእግራቸው ጉልበት ሙሉ ነው፣ ስሜታቸው አልቀነሰም፣ ሽንትም ሰገራም ችግር የለባቸውም። ረጅም ሰዓት ሲቆሙና ወደ ኋላ ሲለጠጡ ያማቸዋል፣ ሲቀመጡ ይቀልላቸዋል። ቁጢጥ ብለው ተነሡ ስላቸው ከእኔ ፈጥነው ተነሡ። ወገባቸውን ይበልጥ ያደከመው አንሶላው ሳይሆን ጣውላው ላይ የተኙበት ጊዜ ነበር።

ጥድፊያው የደመወዝ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አያልፍም፦ አንደኛው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። እሳቸው ግማሽ የሚከፈላቸው ወር ውስጥ ገብተዋል። ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈ፣ እኔም ሆቴሉ ሄጄ እንዳስረዳ ተጠየቅሁ።

ስብሰባው ላይ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ የፋይናንስ ኃላፊውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነበሩ። መጀመሪያ የፎርጅዱን ነገር አነሣን። ኤምአርአይ ሰው በጀርባው ተጋድሞ የሚነሣው ምስል ነው፤ ክብደት ከወገብ ላይ ሲነሣ፣ የላላው አጥንት ወደ ቦታው ቀረብ ሊል ይችላል። ሲቆሙ ደግሞ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ወረቀት እውነት ነው፤ ሐኪሙ ቆመው እንዲነሡ ያዘዘውም ለዚሁ ነው። ኃላፊው አንገቱን ነቀነቀ፤ አምኖ ይሁን ተሸንፎ አልለየሁትም።

ቀጥሎ «ታዲያ ወገባቸው ወጥቷል ማለት ነው?» አለ። በእኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲስክ ተንሸራቶብኝ» ይላል። ዲስክ በሁለት አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ ነው፤ እሳቸው ላይ የተንሸራተተው ግን አጥንቱ ራሱ ነው። ሲሰሙት የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። ሒደቱ ግን የድንገት አይደለም፤ ከዕድሜ ጋር ዲስኩ ውሃውን ያጣል፣ ይሳሳል፣ ከኋላ አጥንቶቹን የሚያያይዙት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያልቃሉ፣ ጅማቱ ይላላል፣ የላይኛው አጥንት በዓመታት ውስጥ በጥቂቱ ወደ ፊት ይሄዳል። አምስተኛውን አጥንት ከዳሌ ጋር ጠንካራ ጅማት ስላሰረው ጫናው የሚያርፈው አራተኛው ላይ ነው። በወጣትነት፣ በተለይ ጂምናስቲክን በመሳሰሉ ስፖርቶች፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ የሚመጣ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ላይ ይታያል፣ የእሳቸው ግን አይደለም።

መጠኑም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ሐኪሞች በሜየርዲንግ መለኪያ የታችኛውን አጥንት በአራት ከፍለው፣ የላይኛው ስንት ሩብ እንዳለፈ ያያሉ። የእሳቸው ከመጀመሪያው ሩብ አላለፈም። በዕድሜ የሚመጣው ዓይነት ከሁለተኛው ሩብ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው።

ክፍሉን ዝም ያሰኘው ግን ቀጥሎ የነገርኳቸው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸውን ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች ምስል ሰብስቦ ነበር። የአጥንት መንሸራተት በ30 ዓመት ዕድሜ 5 በመቶ፣ በ40 ዓመት 8፣ በ50 ዓመት 14፣ በ60 ዓመት 23 በመቶ ላይ ተገኘ። ዲስክ መድረቅማ በ50 ዓመት 80 በመቶ ላይ አለ። ሃምሳ የሞላቸውን የሆቴሉን ሠራተኞች ሰባት ሰባት አድርገን ብናሰልፍ፣ ከየሰልፉ አንድ ሰው ሳያውቀው ይህን አጥንት ተሸክሞ የሚሄድ ይሆናል ማለት ነው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በሲቲ ስካን የተሠራ ጥናትም ሴቶች ላይ የሚገኘው ከወንዶች ሦስት እጥፍ እንደሚሆን አይቷል፤ በመንሸራተቱና በወገብ ሕመም መካከል ግን ግንኙነት አላገኘም። ታዲያ ወረቀቱን አይቶ ሰውን ከሥራ ማስቀረት ከተጀመረ ግማሹ ሆቴል ሊዘጋ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊው ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር፦ «ቢብስባቸውስ? ማን ይጠየቃል?» እንዲህ ያለ ሰው አይብስበትም ብዬ አልማልኩለትም። በጃፓን 145 ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ ለ10 ዓመት ተከታትለዋቸው፣ መንሸራተቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛዎቹ ላይ ነበር። ሲጀመር የነርቭ ምልክት ካልነበራቸው መካከል ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ የነርቭ ምልክት ሳይታይባቸው ቆይተዋል። ቀድሞ የነርቭ ምልክት ኖሮባቸው ቀዶ ሕክምናን እምቢ ያሉት ግን አብዛኞቹ ብሶባቸዋል። ቁም ነገሩ ነርቭ ተነክቷል ወይስ አልተነካም የሚለው ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ታካሚ ነበረኝ፤ ጥቂት ሲራመድ ሁለቱም እግሮቹ ይከብዱታል፣ አጥር ተደግፎ ጎንበስ ሲል ይለቀዋል። ወደ እንጦጦ ሽቅብ መውጣቱ ሳይሆን ቁልቁል መውረዱ ነበር የሚያሰቃየው። ሽቅብ የሚወጣ ሰው ጎንበስ ስለሚል የነርቩ መተላለፊያ ሰፋ ይላል፣ ቁልቁል ሲወርድ ቀና ስለሚል ይጠባል። እሱን ያለማመንታት ለቀዶ ሐኪም ላክሁት። የላውንደሪ ኃላፊዋ ግን ይህ ምልክት የለባቸውም።

ከስብሰባው በኋላ ላውንደሪውን አሳዩኝ ብዬ ወረድኩ። የነገሩ ምንጭ እዚያ ነበር። ጋሪዎቹ ጥልቅ ናቸው፤ የመጨረሻውን እርጥብ አንሶላ ለማውጣት ሴቶቹ ከወገባቸው ታጥፈው እጃቸውን እስከ ታች ይሰዳሉ። አሜሪካ ያለው ናዮሽ የሚባለው የሥራ ጤና ተቋም በሁሉም ነገር የተመቻቸ ማንሻ ቦታ ላይ እንኳ ከ23 ኪሎ በላይ አይነሣ ነው የሚለው፤ ሸክሙ ከሰውነት ሲርቅና ከጉልበት በታች ሲሆን ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። እዚህ ሁለቱም አሉ፣ ውሃውም ተጨምሮ።

ሐሳብ አቀረብኩ፦ ጋሪው ውስጥ በስፕሪንግ የሚነሣ ወለል ይሠራ፣ ዕቃው ሲቀንስ ወለሉ ከፍ ይላል። ማሽኑ እስከ አፉ አይሞላ። ትልልቁን አንሶላ ሁለት ሰው ይያዘው። ኃላፊዋ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መቆጣጠርና ማጠፍ ላይ ይዋሉ፣ በየመሐሉ ይቀመጡ፣ ከእኔ ዘንድ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይሥሩ። ቤልቱን ቀስ በቀስ ያውልቁ። የፋይናንስ ኃላፊው ለጋሪው ሦስት ፕሮፎርማ አስቀርቦ ሁሉም ተወደደበት፣ በመጨረሻ አንድ የሰፈር ብየዳ ቤት ሠራው። አዲሱ ደብዳቤ ስለ አጥንቱ ምንም አልጠየቀም፦ «በሐኪም በተሰጠ የሥራ ገደብ ወደ ሥራ ተመልሰዋል» ይላል። ልጅቱ ጣውላውን አውጥታ በረንዳ ላይ መደርደሪያ አደረገችው ብለው ሳቁ።

ወሬው ላውንደሪውን ሲያዳርስ ግን ሌላ መዘዝ መጣ። ሴቶቹ በሙሉ ራጅ መነሣት ፈለጉ። «እትዬ ላይ የተገኘው እኛም ላይ ካለስ?» ይላሉ። ሊኖር ይችላል አልኳቸው፤ ቢገኝ ምን እናደርግበታለን? ጠንካራ ሰውን በወረቀት ታማሚ ማድረግ ብቻ ነው። ከራጅ ይልቅ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ እግሯ የሚዝል ወይም የምትጎትተው አለች? ስትራመድ እግሯ ደንዝዞ ስትቀመጥ የሚለቃት? ሌሊት የማያስተኛት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት? መቀመጫዋ አካባቢ የደነዘዛት፣ ሽንቷ እምቢ ያላት ወይም የሚያመልጣት ካለች ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ አልኳቸው።

አንዷ እጇን አወጣች። ጫማ ስታደርግ የቀኝ እግሯ ጣቶች ቀና አይሉላትም፤ ለማንም ሳትናገር ነጠላ ጫማ መጎተት ከጀመረች ከርማለች፣ ወገቧን ግን አያማትም። ተረከዟ ላይ ቆማ እንድትራመድ ስጠይቃት የቀኙ እምቢ አላት። በዚያው ቀን ለአጥንት ሐኪሙ ጽፌ ላክኋት። ለቀሩት ግን ራጅ አላስፈለጋቸውም፤ የሰው ሀብት ኃላፊውም አላዘዘም።